የእንጦጦ ፎቶዎች በአዲስ ላፕቶፕ ላይ

መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ ሊገዛ የገባ ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ ራሙ ስንት ነው፣ ጄኔሬሽኑ ስንተኛ ነው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል። ሻጩም መልሱን በቃሉ ይወጣዋል። ገዢው ቤቱ ሲደርስ ግን ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሥራ የስልኩንና የአሮጌውን ኮምፒውተር ፎቶ ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። የዓመታት ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና የእንጦጦ ሽርሽር «ኒው ፎልደር» ውስጥ ይገባል፤ «ኒው ፎልደር 2» ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን የት እንዳስቀመጠ የሚያውቅ የለም።

ፎቶ ለማየት፣ ለመምረጥና ለመደርደር የሚያገለግሉ ቀላል ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹም በነፃ ይገኛሉ። የምርጫው ዋና መለኪያ ግን፣ በእኔ እይታ፣ ፍጥነቱ ወይም የቁልፎቹ ብዛት አይደለም። ፕሮግራሙ ፎቶውን ባለበት ፎልደር ትቶ ያሳያል ወይስ ወደ ራሱ ማኅደር ወስዶ ይውጠዋል? ላፕቶፕ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ይቃጠላል፤ ፕሮግራምም ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይዘጋል። ፎቶው ከሁለቱም በላይ መቆየት አለበት።

የወረቀቱ ዘመን ይህን ጉዳይ ሳይጨነቅበት ፈትቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶ አንሺዎች ይዞ መጥቷል። በኋላም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ ሠርቷል፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰውታል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒስ ጄራርድ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ትልቅ የፎቶ መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። በቅርቡ ደግሞ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ የተራ ቤተሰቦችን አልበም እየከፈተ የከተማዋን ያለፈ ኑሮ ለሕዝብ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሥራ የተቻለው ፎቶው አልበም ወይም ካርቶን ውስጥ ስለተገኘ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት ስለነበረም ነው።

ዲጂታል ፎቶም ጀርባ አለው። ኤግዚፍ የሚባለው መረጃ ፎቶው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ የካሜራውን ዓይነት፣ ስልክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቦታውንም ጭምር ፋይሉ ውስጥ ይይዛል። አይፒቲሲ በሚባለው ክፍል ደግሞ ሰው ራሱ መግለጫ ሊጽፍበት ይችላል። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የሕዋ ምርምር ማዕከል፣ እንዲህ ያለው መረጃ እንደ ዋዛ አይታይም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ምስል ስትልክ የተቀበለው በዚያው ያለው የምድር ጣቢያ ነው። የሳተላይት ምስል ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ሳይዝ ቢመጣ ለጥናት አይረባም። ከተራራው ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ያለን ሰዎች ግን «ይሄ የመቼ ነው?» እየተባባልን እንኖራለን።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ፎቶ ከየት ይመጣል? የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ላይ ካሜራ የማይወጣበት ቀን ያለ አይመስልም። ሙሽሮች ይወጣሉ፣ ተመራቂዎች ይወጣሉ፣ እሑድ እሑድ ቤተሰብ ይወጣል። መስከረም 1 ቀን የእንጦጦ ራጉኤል ንግሥ አለ፤ ኅዳር 12 እና ሰኔ 12 ደግሞ የየካ ሚካኤል። የስልክ ፎቶ አንዱ ሦስትና አራት ሜጋባይት ቢሆን ነው። ሠርግ አንሺው ግን ሌላ ሒሳብ አለው። በሮው ፎርማት 2,000 ፎቶ ቢያነሳ፣ አንዱ 25 ሜጋባይት ቢይዝ፣ አንድ ሠርግ ብቻውን 50 ጊጋባይት ሆነ፤ መልሱንና ቅልቅሉን ሳንቆጥር። አዲሱ ላፕቶፕ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ካለውና ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ የድርሻቸውን ከወሰዱ፣ የጥር ወር ሳያልቅ ይሞላል።

ወደ ፕሮግራሞቹ እንምጣ። ከቀላሎቹ መካከል ከአንጋፎቹ አንዱ ኢርፋንቪው ነው። ቦስኒያዊው ኢርፋን ሽኪልያን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ይህ ፕሮግራም እስከ ዛሬ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በፍላሽ ይዞ መዞርም በቴሌግራም መላክም ይቻላል። መልኩ ያረጀ ነው፤ ማንም አያደንቀውም። ነገር ግን አራት ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ፎቶ ጠቅ ሲደረግ ወዲያው ይከፍታል፤ መቶ ፎቶ በአንድ ጊዜ ያሳንሳል፣ ስም ይለውጣል። ፋስትስቶን ኢሜጅ ቪወር ለዓይን የተሻለ ነው፤ እስከ አራት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ያወዳድራል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ሚዜዎቹ ሁሉ ተሰልፈው ከተነሱት አሥር ፎቶዎች ውስጥ ማንም ዓይኑን ያልጨፈነበትን ለመምረጥ የተቀመጠ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል። ኤክስኤንቪው ኤምፒ ከሁለቱ ትንሽ ከበድ ይላል፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ ምልክትና ደረጃ መስጠትም ይችላል።

ለምን ይፈጥናሉ? ካሜራ ሮው ፋይል ሲጽፍ ትንሽ ጄፔግ ምስል አብሮ ውስጡ ይከታል። ቀላሉ ፕሮግራም ከባዱን መረጃ ከመተንተን ይልቅ ይህችን ምስል አውጥቶ ያሳያል። ለምርጫ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ቀለም ማረም ሲመጣ ነው ላይትሩም ወይም በነፃ የሚገኘው ዳርክቴብል የሚያስፈልገው፤ እሱም ለተመረጡት ሁለት መቶ ፎቶዎች እንጂ ለሁለቱ ሺህ አይደለም። ብዙ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ሁሉንም ላይትሩም ውስጥ ካስገቡ በኋላ ላፕቶፑ ተንቀራፈፈ ብለው ያማርራሉ። ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም።

ሦስቱ ቀላል ፕሮግራሞች ፎልደር ውስጥ ያለውን እዚያው እንዳለ ያሳያሉ፤ ዛሬ ቢጠፉ ፎቶው ያለበት ይቆያል። በፒካሳ ላይ የሆነው ከዚህ ይለያል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 የገዛው ፒካሳ በዘመኑ ተወዳጅ ነበር፤ ቀላል ነበር፣ ፊት ይለይ ነበር፣ ፎቶውንም ከቦታው አያንቀሳቅስም ነበር። ነገር ግን የአልበሞቹን ዝርዝር የሚይዘው በራሱ ዳታቤዝ፣ እርማቶቹን ደግሞ በተደበቁ ትናንሽ ፋይሎች ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ድጋፉ ሲቆም ፎቶዎቹ ቀሩ፤ ለዓመታት የተሰበሰበው አልበም ግን ኮምፒውተር በለወጠ ብዙ ሰው እጅ በነነ። እንግዲህ ፕሮግራም ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት «መግለጫውን የት ነው የምትጽፈው?» ተብሎ ነው። ዲጂካም በዚህ በኩል ጥሩ ምግባር አለው፤ አልበም የሚለው ራሱን ፎልደሩን ነው፤ ከታዘዘ መለያውንና መግለጫውን ፋይሉ ውስጥ ይጽፈዋል፤ ፊት የሚለየውም ያለ ኢንተርኔት እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ቀላል ግን አይባልም፤ ስምንት ጊጋባይት ራም ከሌለ ባይሞከር ይሻላል።

አሁን የእኛ ብቻ ወደሆነው ጣጣ። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እኛ የምናስታውሰው በኢትዮጵያ። የ2016ን የራጉኤል ንግሥ ያነሳ ሰው ካሜራው መስከረም 12 ቀን 2023 ብሎ መዝግቦለታል፤ በዚያው ዓመት ጥር 11 ያነሳው ጥምቀት ደግሞ ጥር 20 ቀን 2024 ሆኗል። ፎቶን በየዓመቱ ራሱ የሚደረድር ፕሮግራም አንዱን የእኛን ዓመት ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ይባስ ብሎ ጥምቀት ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ጥር 19 ላይ አይውልም፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት 20 ላይ ይውላል። የአሥር ዓመት ጥምቀቱን በአንድ ቀን ሊፈልግ የተነሳ ሰው ሁለት ሦስቱን ያጣል።

መፍትሔው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቀን አለመንካት ነው። እሱ ለማሽኑ ይቅር። ለሰው የሚሆነው ቀን በፎልደሩ ስም ላይ ይጻፍ፤ ዓመቱና የወሩ ቁጥር ቀድመው። «2016-05-11 ጥምቀት ጃንሜዳ» ቢባል ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ያሰልፈዋል። በወር ስም ከተጀመረ ግን ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፤ ማሽኑ የሚያውቀው የፊደል ተራ እንጂ የወር ተራ አይደለም። ጳጉሜንም አትቸግርም፤ 13 ተብላ ትገባለች። ፎልደር ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ብሎ አይከራከርም።

ስለ ፊደል አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንዱ ፎልደር ላይ «ኅዳር ሚካኤል»፣ ሌላው ላይ «ህዳር ሚካኤል»፣ ሦስተኛው ላይ «ሕዳር» ተብሎ ከተጻፈ የዊንዶውስ መፈለጊያ አንዱን ሲያገኝ ሁለቱን ይዘላል፤ ለእሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሠርግ»ና «ሰርግ»ም እንዲሁ። የትኛው ትክክል እንደሆነ ሊቃውንቱ ይከራከሩ፤ አንድ ቤተሰብ አንዱን መርጦ ከጸና ፎልደሩ ይገኛል።

ሰዓቱም አለ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ ማርያም ደጅ የተነሳ ፎቶ፣ የካሜራው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ፣ የቀትር ተብሎ ይመዘገባል። ሁለት ፎቶ አንሺዎች አንድ ሠርግ ላይ ሠርተው የአንዱ ካሜራ በዚህ መንገድ ከተሞላ፣ ፎቶዎቹ ሲቀላቀሉ ሙሽራዋ ከቤቷ ሳትወጣ ኬክ ተቆርሶ ይታያል። ዲጂካምም ኤክስኤንቪው ኤምፒም የሺህ ፎቶን ሰዓት በአንድ ትእዛዝ ስድስት ሰዓት ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ፎቶው በቴሌግራም ይላካል። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ረጅሙ ጎን በአብዛኛው ወደ 1,280 ፒክሰል ይወርዳል፤ ቀኑና የካሜራው መረጃም ይጠፋል። ኮምፒውተር ላይ ሲወርድ «ፎቶ» ከሚል ቃልና ከቀን የተሠራ አዲስ ስም ይዞ ይመጣል፤ ቀኑ ግን ፎቶው የተነሳበት አይደለም። እንደ ፋይል ከተላከ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። ፎቶ ቤት ሄዶ በትልቁ ሊያሳጥብ የፈለገ ሰው የደበዘዘ ወረቀት ተቀብሎ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህችን ልዩነት ባለማወቅ ነው። የአይፎን ፎቶ ዊንዶውስ ላይ አልከፍት ካለ ደግሞ ችግሩ ሄይክ የሚባለው ፎርማት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚነሱት ስልኩ ላይ የካሜራውን ቅንብር ወደ ጄፔግ መለወጥ ይበቃል።

ደመና የሚባለውን ማከማቻ ብዙም አላወድሰውም። ጉግል ፎቶስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለ ገደብ ይቀበል ነበር፤ ከሰኔ 1 ቀን 2021 ወዲህ የሚሰቀለው ግን ከነፃው 15 ጊጋባይት ላይ ይቀነሳል። አዲስ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ሲከፈት ዋንድራይቭ «ፒክቸርስ» የሚለውን ፎልደር ወደ ራሱ ሊወስደው ይችላል፤ ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ የኢንተርኔት ጥቅሉ ያልቃል፤ ከዚያም ቦታው ሞላ የሚል መልእክት ይመጣል። ፎቶ ከመገልበጡ በፊት ይህን ማጥፋት፣ ወይም ፎቶውን ከ«ፒክቸርስ» ውጭ ማስቀመጥ ነው። ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች የተመረጡ ሃምሳ ፎቶዎችን ለማካፈል ደመናው ይጠቅማል፤ 50 ጊጋባይት ሠርግ ለመስቀል ግን ከየካ ሆኖ በሞባይል ዳታ የሚሞክር ካለ ትዕግሥቱን ይስጠው።

ቅጂ መያዝ ሌላ ሥራ ነው፤ ቀላል ፕሮግራሞቹ አይሠሩትም። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይበቃል፤ አንዱ ቤት፣ ሌላው ሌላ ሰው ዘንድ። ሲገለበጥ መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ ከሌለ ፋይሉ በግማሽ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከሚሞሪ ካርዱ ላይ ከመሰረዙ በፊት የፎልደሮቹ መጠንና የፋይሎቹ ቁጥር ይመሳከር። በፍላሽ ማዘዋወር ቫይረስ ያመጣል፤ ፎልደሩን ደብቆ በምትኩ ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ያላየ የኢንተርኔት ካፌ ደንበኛ ጥቂት ነው። ፎቶዎቹ በአብዛኛው አልጠፉም፣ ተደብቀዋል እንጂ፤ ፎርማት ለማድረግ አይቸኮል።

ለፎቶ ቤቶች አንድ ነገር ይቀራል። ኢርፋንቪው፣ ፋስትስቶንና ኤክስኤንቪው ኤምፒ ነፃ የሚሆኑት ለግል ጥቅም ነው፤ ገንዘብ የሚሠራበት ድርጅት ፈቃድ መግዛት አለበት፤ ዋጋው ከፎቶሾፕ ጋር አይወዳደርም። መክፈል የማይፈልግ ዲጂካምንና ዳርክቴብልን ይጠቀም፤ ለንግድም ነፃ ናቸው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 መሻገር ያቃተው አሮጌ ማሽንም በከንቱ አይጣል። ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበት፣ ኤክስኤንቪው ኤምፒ ወይም ሾትዌል ገብቶለት፣ ዲስኩ ላይ ያሉትን የዓመታት ፎቶዎች ለመለየትና ስም ለመስጠት ይበቃል።