ሦስት ቀን በአንድ አዳራሽ፦ ተንቀሳቃሽ የአየር ዕዝ እንዴት ይደራጃል?

እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲፋፋም፣ ከሪያድ ወደ አሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች በየቀኑ የሚላክ አንድ ጭነት ነበር፤ ወረቀት። ኤስ-3 ቫይኪንግ የሚባሉት የባሕር ኃይሉ አውሮፕላኖች የሚያመላልሱት ይህ ወፍራም ጥራዝ የዕለቱ የአየር ስምሪት ትዕዛዝ ነው። የትኛው አውሮፕላን ከየት ተነሥቶ፣ ምን ታጥቆ፣ በስንት ሰዓት የቱን ዒላማ እንደሚመታ፣ ሰማይ ላይ የት ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ በየትኛው የሬዲዮ ሞገድ እንደሚነጋገር አንድ በአንድ ስለሚዘረዝር በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ይፈጃል። አየር ኃይሉ ትዕዛዙን በኮምፒውተር ያሰራጭ ነበር፤ መርከቦቹ ግን ያን የሚቀበል መገናኛ ስላልነበራቸው በእጅ ይወሰድላቸዋል። የአየር ዕዝ ጠቅላይ መምሪያ ምን ሲሠራ እንደሚውል ለማወቅ የፈለገ ሰው ይህን ጥራዝ ማገላበጥ ይበቃዋል። መምሪያው ከነሰዉ፣ ከነኮምፒውተሩና ከነድንኳኑ የሚቋቋመው ትዕዛዙን በየቀኑ ለመጻፍና ለማስፈጸም ነውና።

አየር ኃይልን ከግንባሩ ጋር እየተንቀሳቀሰ የሚመራ መምሪያ በስፋት የተፈተነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነው። የብሪታንያን የበረሃ አየር ኃይል ይመራ የነበረው አርተር ኮኒንግሃም መምሪያውን ከ8ኛው ጦር መምሪያ ጎን ተክሎ፣ ጦሩ ሲገፋ አብሮ እየገፋ፣ ሲያፈገፍግ አብሮ እያፈገፈገ ተዋጋ። ከእግረኛው ጎን ይሁን እንጂ አውሮፕላኖቹን ለየክፍለ ጦሩ አላከፋፈለም፤ በአንድ እጅ ይዞ ወደሚያስፈልግበት ያዘምት ነበር። አሜሪካኖች በሐምሌ 1943 ያወጡት የጦር መመሪያ የምድርና የአየር ኃይል እኩል ናቸው፣ አየሩም በአንድ የአየር አዛዥ ሥር ይሁን ሲል ከዚሁ የበረሃ ልምድ ቀድቶ ነበር። ትምህርቱ ግን ብዙ ጊዜ ተረስቷል። በቬትናም ጦርነት የሰሜኑ ሰማይ እንደ ርስት ተሸንሽኖ ለአየር ኃይልና ለባሕር ኃይል በየድርሻቸው ታድሎ ነበር። የጥምር ኃይሉን የአየር ዘመቻ በአንድ አዛዥ ሥር የማድረጉ ሐሳብ በትልቅ ጦርነት ተሟልቶ የታየው በ1991፣ በሌተና ጄኔራል ቻርልስ ሆርነር ጊዜ ነው።

የመምሪያውን ሰንጠረዥ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሣጥኖችን ነው። በአሜሪካ አሠራር የአየር ዘመቻ ማዕከል አምስት ክፍሎች አሉት፦ ስትራቴጂ፣ የውጊያ ዕቅድ፣ የውጊያ አመራር፣ መረጃና ቅኝት፣ የአየር ትራንስፖርት። በእኔ አስተያየት ሣጥኖቹን ከመሸምደድ ሰዓቱን መከተል ይሻላል፤ ሦስቱ የመጀመሪያ ክፍሎች የሚለያዩት በሚኖሩበት ቀን ነውና። ስትራቴጂ ከነገ ወዲያና ከዚያ በኋላ ላለው ያስባል፤ አዛዡ የሚፈልገው ውጤት ምንድን ነው፣ ምን ቢመታ ይገኛል ይላል። ዕቅድ ነገን ይሠራል፤ ዒላማዎችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ አውሮፕላንና መሣሪያ ይመድባል፣ ከዚያ ጸሐፊዎቹ ወደ ትዕዛዝ ይለውጡታል። የውጊያ አመራር ዛሬን ይዞ ሌት ተቀን ተራ እየገባ ይሠራል። ከሐሳብ እስከ አፈጻጸም ያለው ዑደት ወደ 72 ሰዓት ስለሚወስድ፣ በማንኛውም ሰዓት በአዳራሹ ውስጥ ሦስት ትዕዛዞች በሕይወት አሉ። ጠላ እንደሚያዘወትር ቤት አንዱ ጋን ሲጠጣ ሌላው ይፈላል፣ ሌላው ገና ይጠነሰሳል። መረጃና ቅኝት በሦስቱም ቀን ይገባል፤ ከምቱ በፊት ዒላማውን ያጠናል፣ ከምቱ በኋላ የደረሰውን ጉዳት ገምግሞ ለስትራቴጂ ይመልሳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዘመቻውን ጠፍሮ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የሚተኮሰው መሣሪያ አይደለም፤ ነዳጅ ነው። የነዳጅ ቀጂ አውሮፕላኖች ቁጥር ውሱን ነው፤ አንዱ ቢዘገይ በእርሱ ላይ የተመኩ ተዋጊዎች ሁሉ መርሐ ግብራቸው ይፋለሳል። ያልታሰበ ዒላማ ድንገት ሲገኝ ደግሞ በአመራሩ ክፍል ያለው መኮንን ሌላ ሥራ ላይ ያለ ጀት ሲያስቀይስ፣ ነዳጁንም አብሮ ማስቀየስ አለበት።

በአዳራሹ ዳር የሚቀመጡት ሰዎች በሰንጠረዡ ላይ ትንሽ ቦታ ቢይዙም ከባድ ሥልጣን አላቸው። ከምድር ጦር፣ ከባሕር ኃይልና ከልዩ ኃይል የመጡ አገናኝ መኮንኖች የየአለቆቻቸውን ጥያቄ ያቀርባሉ፤ የሕግ አማካሪው ዒላማውን ከጦርነት ሕግ አንጻር ይመዝናል። በጥምር ዘመቻ እያንዳንዱ አገር የሚወክለው መኮንን የአገሩ አውሮፕላን በአንድ ተልዕኮ እንዳይሳተፍ የማገድ መብት አለው፤ መኮንኖቹ ይህን ቀይ ካርድ ይሉታል። አዛዡ ራሱም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ኃላፊነት ደርቦ ይይዛል፦ የአየር ኃይሉ አዛዥነት፣ የአየር ክልሉ ተቆጣጣሪነትና የአየር መከላከያው ኃላፊነት። የካቲት 13 ቀን 1991 ባግዳድ ውስጥ አሚሪያ በተባለው መጠለያ ላይ በተጣለ ቦምብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች ካለቁ በኋላ ደግሞ የከተማይቱ ዒላማዎች የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል ሽዋርዝኮፍ ካላዩዋቸው የማይነኩ ሆኑ።

አደረጃጀቱ በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ሲያበቃ መጋጠሚያው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሚያዝያ 14 ቀን 1994 በሰሜን ኢራቅ ሰማይ፣ ሁለት የአሜሪካ ኤፍ-15 ተዋጊዎች ሁለት የአሜሪካ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮችን የኢራቅ መስለዋቸው መትተው ጣሉ፤ 26 ሰዎች ሞቱ። ሄሊኮፕተሮቹ የምድር ጦር ስለነበሩ ከአየር ኃይሉ አሠራር ጋር በወጉ አልተጣመሩም። የበረራ ሰዓታቸው በዕለቱ ትዕዛዝ ላይ በትክክል አልሰፈረም፤ በክልሉ ውስጥ ሊጠቀሙበት የሚገባውን የወገን መለያ ኮድ አብራሪዎቹ አያውቁትም ነበር፤ የሚሰሙት የሬዲዮ ሞገድም ተዋጊዎቹ ከሚነጋገሩበት የተለየ ነበር። ከበላይ ሆኖ ሰማዩን የሚቃኘው አዋክስ አውሮፕላን ውስጥ ሄሊኮፕተሮቹ በአካባቢው እንዳሉ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ለተዋጊዎቹ ግን ማስጠንቀቂያ አልሰጡም። በመምሪያው ሰንጠረዥ ላይ የጎደለ ክፍል አልነበረም።

አውሮፓ ውስጥ ኔቶ የአየር አመራሩን ከጀርመኗ ራምሽታይን ሆኖ ይመራል፤ በጀርመን ኡደም፣ በስፔን ቶሬሖንም ቋሚ ማዕከላት አሉት። ከስፍራ ስፍራ የሚዛወረው ክፍል መቀመጫው በጣሊያን፣ ከፌራራ ከተማ አጠገብ ባለችው ፖጆ ሬናቲኮ ነው። ዕቅድና አመራር የሚያከናውን ማዕከል፣ አውሮፕላኖችን እየመራ የሰማዩን ሙሉ ሥዕል የሚያቀናብር የቁጥጥር ክፍል፣ እንዲሁም ራዳሮችን የያዘ የቅኝት ክፍል በየፊናቸው በኮንቴይነርና በመኪና ተጭነው መሄድ እንዲችሉ ተደርገው ተዘጋጅተዋል።

ኮንቴይነር ለመጫን ቀላል ነው። በ2011 የሊቢያ ዘመቻ ሲጀመር የአሜሪካ ክፍል ከራምሽታይን ሆኖ፣ በሜጀር ጄኔራል ማርጋሬት ዉድዋርድ ሥር፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መራ፤ ኔቶ ሲረከበው የአየር ዘመቻው ማዕከል እዚያው ፖጆ ሬናቲኮ ሆነ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ ብራስልስ ላይ ሲናገሩ፣ በቀን ከ300 በላይ በረራ እንዲያስተናግድ የታቀደው ማዕከል ወደ 150 ለማስነሣት እየተቸገረ መሆኑን ገለጹ። ዋናው ጉድለት የዒላማ ባለሙያ ነበር፤ አሜሪካም ከራሷ እየላከች ሞላች። ችግሩ የኔቶ ብቻ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ መምሪያ በሰላም ጊዜ አጽሙ ብቻ ይቆያል፤ ጦርነት ሲመጣ ከየአገሩ በሚላኩ፣ ከዚያ በፊት አብረው ሠርተው በማያውቁ መኮንኖች ይሞላል። ልምምድ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ጥያቄው ምን ያህሉ ጭራሽ መጓዝ አለበት የሚል ሆኗል። አሜሪካ በ2001 የአፍጋኒስታንን የአየር ዘመቻ ከሳዑዲ አረቢያው ፕሪንስ ሱልጣን ሰፈር መርታ፣ በ2003 ማዕከሉን ወደ ኳታሩ አል ዑደይድ አዛወረች። በመስከረም 2019 ግን የመካከለኛው ምሥራቅ የአየር አመራር ለ24 ሰዓት ያህል ከደቡብ ካሮላይናው ሻው አየር ሰፈር ተካሄደ፤ ኳታር ያለው አዳራሽ ቢመታ ሥራው አይቆምም ለማለት። ሰኔ 23 ቀን 2025 ኢራን አል ዑደይድ ላይ ሚሳይል ስታስወነጭፍ የተጎዳው የመገናኛ መሣሪያ የሚሸፍን ጉልላት ነበር። ሥራውን ከሩቅ ለመምራት መገናኛ የግድ ነውና፣ ማዕከሉን ከግንባር ማራቅ ከአደጋ ሁሉ አያድነውም። ስለዚህ መምሪያው መከፈሉ የማይቀር ይመስላል፦ ስትራቴጂውና ዕቅዱ ከአገር ቤት ሊጻፍ ይችላል፤ ቀይ ካርዱን የያዘው የአጋር አገር መኮንንና ከምድር ጦሩ የመጣው አገናኝ ግን ከአዛዡ ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ያስፈልጋቸዋል።