ለመጀመሪያ ጊዜ የሸክላ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ምን ያስቀድም?



የዛሬው ርእስ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ያነሰ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። የሙዚቃ ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች ግን በየጊዜው የምታቀርቡልኝ ጥያቄ ነው፦ «ከአያቶቻችን ቤት ጥቂት ሸክላዎች አግኝተናል፤ በአነስተኛ ገንዘብ ምን ዐይነት ማጫወቻ ብንገዛ ይሻላል?» መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ከድምፁ ማማር በፊት የሚመዘነው ማጫወቻው ሸክላውን አለመጉዳቱ ነው። ማጫወቻ ቢበላሽ ይተካል፤ በእጃችሁ ያለው ሸክላ ግን ምናልባት አይተካም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሸክላው ልነሣ። በዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ወርቃማ የሚባለው ዘመን በአብዛኛው የተቀረጸው በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞሩ፣ ስፋታቸው 7 ኢንች በሆነ ትንንሽ ሸክላዎች ላይ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ሸክላዎችን አሳትሟል። ኋላ ካሴት ገበያውን ወረሰ፤ የሸክላ ኅትመትም ቆመ። ከፊሎቹ ዘፈኖች «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ዳግም ለአድማጭ ቢደርሱም፣ ከመጀመሪያው ሸክላ በቀር ሌላ መልክ ያላገኙም አሉ።

በልማድ ሸክላ እንበለው እንጂ ይህ ዕቃ ቪኒል የተባለ ፕላስቲክ ነው። በገጹ ላይ ከዳር ወደ መካከል የሚጠመዘዝ አንድ ቀጭን ቦይ አለ፤ ድምፁን የያዘው የቦዩ ግድግዳዎች መወላገድ ነው። መርፌው በቦዩ ውስጥ ሲጓዝ ይንቀጠቀጣል፤ ካርትሪጅ የምንለው ክፍል ደግሞ ይህን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። መርፌው ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ጥቂት ግራም እንኳ በዚያ ነጥብ ላይ ከባድ ጫና ይሆናል። የማግኔት ካርትሪጅ በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 3 ግራም ባለው ጫና ይሠራል። ሻንጣ መሳዮቹ ርካሽ ማጫወቻዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሴራሚክ ካርትሪጅ አላቸው፤ ጫናቸውም 5 ግራም አካባቢ ይደርሳል፤ ማስተካከያም የላቸውም። አንድ ጊዜ ማጫወት ሸክላውን አያጠፋውም። ነገር ግን መርፌው ከሰፋየር የተሠራ ከሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ያለቀ መርፌ ደግሞ ቦዩን ይፍቃል። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑና ከፍተኛው ድምፅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ብታመጡ አይመለስም። እኔ እነዚህን ሻንጣዎች፣ መልካቸው ቢማርክም፣ ለማንም አልመክርም።

ታዲያ ምን ይገዛ? ከአዲስ ዕቃ እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ ኤልፒ 60 ያሉት ለጀማሪ ይበቃሉ። ካርትሪጃቸው የማግኔት ነው፤ መርፌው ብቻውን ተነቅሎ በአዲስ ይተካል፤ ክንዱም በራሱ ወርዶ በራሱ ይነሣል። ጫናውን ማስተካከል አለመቻሉ ጉድለት ነው፤ ሆኖም ልምድ የሌለው እጅ ከሚገምተው ይልቅ በፋብሪካ የተወሰነው ይሻላል ባይ ነኝ። ትንሽ ገንዘብ የተረፈው ሰው ከክንዱ ጀርባ የሚዞር የሚዛን ክብደት ያለውን ይምረጥ፤ ካርትሪጁንም ወደፊት ሊለውጠው ይችላል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚደናገሩበት ሌላ ነገር አለ። የማግኔት ካርትሪጅ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ወፍራሙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ ብዙ ቦታ ይወስድ ነበርና። ከ1954 ጀምሮ የተለመደውን መመዘኛ ተከትሎ ይህን የሚመልሰውና ኃይሉን የሚያሳድገው ክፍል ፎኖ ፕሪአምፕ ይባላል። በአንዳንድ ማጫወቻ ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል፤ በሌላው ለብቻው ይገዛል። እርሱ ከሌለ ድምፁ እንደ ትንኝ ይቀጥናል፤ ባለቤቱም ማጫወቻው የተበላሸ ይመስለዋል። ፕሪአምፑ ካለ የራሳቸው አምፕሊፋየር ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ይበቃሉ። ብቻ ከማጫወቻው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡ፤ ንዝረታቸው ወደ መርፌው ይመለሳል።

አሁን ደግሞ በእኛ አገር ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ወደሚሻው ጉዳይ፣ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ወደሚመጣው አሮጌ ማጫወቻ ልለፍ። ብዙዎቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸውና በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰኩ ይቃጠላሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ትራንስፎርመር ይገዛል። ትራንስፎርመሩ ግን የማይለውጠው ነገር አለ፤ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የእኛ 50 ጊዜ ነው። ፍጥነቱን ከዚህ ምልልስ የሚወስድ ሞተር ያለው ማጫወቻ እዚህ ሲደርስ ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ብቻ ይዞራል። ዘፈኑ ይዘገያል፤ ድምፁም ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ይወርዳል። ለመዝናናት የሚሰማ ሰው ላያስተውለው ይችላል። የዘፋኙን የድምፅ ክልል ወይም የባንዱን መቃኛ የሚመዘግብ ተመራማሪ ግን ሐሰተኛ መረጃ ይጽፋል። ስለዚህ ሻጩን የምትጠይቁት አንድ ነገር ሞተሩ ምን ዐይነት ነው የሚለው ይሁን። ፍጥነታቸውን በራሳቸው ኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል 1200፣ ይህ ችግር የለባቸውም። በላስቲክ ቀበቶ፣ መካኒኮች ቺንጋ በሚሉት፣ የሚዞሩትም ሞተራቸው በአዳፕተር የሚሠራ ከሆነ አያሰጉም።

በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንት ሸክላዎች ጉዳይ ሌላ ነው። ቦያቸው ሰፊ ስለሆነ ከሦስት እጥፍ በላይ የወፈረ ጫፍ ያለው መርፌ ይፈልጋሉ፤ በተራ መርፌ አታጫውቷቸው፤ በአልኮልም አታጽዷቸው፤ ይሟሟሉ።

ስለ ጽዳትና ስለ አቀማመጥ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ለስላሳ ብሩሽ ያዙ፤ ማጫወቻው የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ በውኃ ልክ አስተካክሉ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ክንዱን በእጃችሁ አንሥታችሁ ወደ ማረፊያው መልሱት፤ መርፌው በቆመ ሸክላ ላይ አይቆይ።

ማጫወቻውን ከመክፈላችሁ በፊት የምታደርጉት ፍተሻም ገንዘብ አይጠይቅም። ከሰሃኑ ዳር ትንሽ ወረቀት ለጥፉና በሰዓት ቁጠሩ፤ በ45 ፍጥነት በአንድ ደቂቃ 45 ዙር፣ በ33ቱ ፍጥነት ደግሞ በሦስት ደቂቃ 100 ዙር መሙላት አለበት። በሦስት ደቂቃ 83 ገደማ ላይ ከቀረ የአሜሪካው ሞተር ነው፤ ለሻጩ መልሱለት።