የቤታችሁ ቦይለር አርጅቷል? አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

የመቱ፣ የጎሬ፣ የያዮና የዳሪሙ ቤተሰቦቻችን፣ በኢሉባቦር ዝናብና ጭጋግ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ዛሬ የምናወራው ቤት ውስጥ፣ ፔንሲዮን ውስጥ ወይም በተከራያችሁት ግቢ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው አሮጌ ቦይለር ነው። ይጠገን? ይቀየር? ከተቀየረስ በምን?

ጥያቄው አሁን ለምን ይነሳል? ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ የምትገዙት ዕቃ የሚበላው መብራት ነገ ከዛሬው ይበልጥ ያስከፍላችኋል።

በእርግጥ ቦይለር ያን ያህል ይበላል?

እስቲ እናስላው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲያደርስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ይህ ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል 100 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይወጣዋል፣ ማለትም አምስት ጀሪካን። ለአንድ ጀሪካን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አይሞላም።

አሁን በካትል እንሞክረው። ሦስት ጊዜ የፈላ ካትል ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ጀሪካን ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል። የሚበላው መብራት? እሱም ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። እኩል ነው!

ታዲያ ቦይለር "በላተኛ" የሚባለው ለምንድን ነው? 24 ሰዓት ስለሚሰካ ነው። ማንም ሳይታጠብ ውሃው ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፣ ቦይለሩም መልሶ ያሞቀዋል። ከታንኩ ውጭ ያለው የስፖንጅ ሽፋን ካረጀ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት እንዲሁ ሊባክን ይችላል። በወር 30 መሆኑ ነው። ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ነው፤ ከግማሽ በላዩ ማንም ሳይታጠብበት አለቀ ማለት ነው።

የእናንተን ለማወቅ ማታ ውሃው ሞቆ ካለቀ በኋላ ፍሪጅን ጨምሮ ሌላውን ሁሉ አጥፉና የቆጣሪውን ንባብ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ድጋሚ አንሱ። ልዩነቱ ሌሊቱን የባከነው ነው።

ይጠገን ወይስ ይቀየር?

👉 ውሃው ጭራሽ አልሞቅ ካለ ብዙ ጊዜ ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል ወይም ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል። ሁለቱም ተነጥለው ይቀየራሉ። ለዚህ ብላችሁ ቦይለር አትግዙ።

👉 ቀስ ብሎ የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ ቮልቴጁን አስለኩ። 220 መሆን የሚገባው ወደ 180 ከወረደ የማሞቅ ኃይሉ በሲሶ ይቀንሳል። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። አዲስ ቦይለርም ይህን አያስተካክልም።

👉 ከመጋጠሚያው ሳይሆን ከታንኩ አካል ራሱ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ታንኩ ከውስጥ በዝጎ ተበስቷል። ይህ አይጠገንም። ቀይሩት።

👉 ቧንቧ ስትነኩ የሚነዝር ከሆነ አሁኑኑ ብሬከሩን አውርዱ። "ትንሽ ነው የሚነዝረው" የሚባል ነገር የለም፤ እርጥብ ገላ ላይ ትንሹም ይገድላል። ኤሌክትሪሽያን ኧርዙን ሳያረጋግጥ ማንም እንዳይታጠብ።

👉 ሴፍቲ ቫልቩ ተደፍኗል ወይም "ያንጠባጥባል" ተብሎ በቡሽ ተወትፏል? ውሃ ሲሞቅ ይስፋፋል፣ መውጫ ይፈልጋል። ቴርሞስታቱም እምቢ ካለ ታንኩ ሊፈነዳ ይችላል። ሲሞቅ ትንሽ ማንጠባጠቡ ሥራው ነው።

ከተቀየረስ በምን?

1. አነስ ያለ ቦይለር። ለሁለት ሦስት ሰው 30 ሊትር ይበቃል። ከመታጠባችሁ በፊት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ሰክታችሁ፣ ሲሞቅ ማጥፋት ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት አካባቢ ጥሩ ጎን አለው፤ አንዴ ከሞቀ መብራት ቢሄድም ውሃው ለሰዓታት ይቆያል።

2. ፈጣኑ ሻወር (ኢንስታንት)። ታንክ የለውም፣ ስለዚህ ቆሞ አያባክንም። ግን በአንድ ጊዜ የሚስበው ብዙ ነው። 5.5 ኪሎዋት የሆነው 25 አምፒር ይፈልጋል። ለሶኬት በተዘረጋው ቀጭን ገመድ ላይ ከተሰካ ገመዱ ግሎ እሳት ያስነሳል። ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና ኧርዝ የግድ ነው። የውሃ ግፊት ሲያንስም አይነሳም፤ ሮቶው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ችግር አለ። እስቲ አስቡት፤ መቱ አጠገብ ያለው የሶር የኃይል ማመንጫ አቅሙ 5 ሜጋዋት ነው። እንዲህ ያሉ 900 ሻወሮች በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ ያን ሁሉ ይጨርሱታል። ንጋት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲከፍት መብራቱ ለምን እንደሚደክም ገባችሁ?

3. ሶላር። ፀሐይ ገንዘብ አትጠይቅም፣ ግን እኛ ጋ ክረምቱ ረጅም ነው። ሙቅ ውሃ አብዝተን በምንፈልግባቸው የዝናብ ወራት ሰማዩ ተዘግቶ ይከርማል። ስለዚህ በመብራት የሚያግዝ ሬዚስታንስ ያለው መሆን አለበት። መነሻ ወጪው ከፍ ስለሚል ብዙ እንግዳ ለሚያስተናግድ ሆቴልና ፔንሲዮን ይበልጥ ያዋጣል። ደግሞ ጣሪያውን እዩት፤ 200 ሊትር ማለት ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው።

4. ምንም አለመግዛት። ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ በተለይ የተከራየ ተማሪ ከሆናችሁ፣ ካትልና ባልዲ ይበቃችኋል። መብራት በሌለበት የገጠር ቀበሌ ደግሞ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ "ትክክል" የሚባለው ዓይነት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይሻላል። የሚተርፈው እንጨት የጫካችን፣ የሚቀንሰው ሸክም የእናቶቻችንና የእህቶቻችን ነው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። ቦይለሩ ተበላሽቷል ተብሎ መታጠቢያ ቤቱን ለማሞቅ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት ሞት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ራሱን ሲስት እንኳ አይታወቀውም። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያም ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ካልወጣ ያው ነው።

ለማጠቃለል ያህል፦ ታንኩ ካልተበሳ አስጠግኑት፣ ስትፈልጉ ብቻ ሰኩት። ከተበሳ ለሰው ቁጥራችሁ የሚበቃ አነስተኛ ቦይለር ግዙ። ኢንስታንት ያማራችሁ መጀመሪያ ገመዱን አስቀይሩ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን ከሁሉ በፊት ስለ ኧርዙና ስለ ቫልቩ ጠይቁ። ነውር የለውም፣ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይቺን ለአባት ለእናታችሁ አንብቡላቸው፤ ዕቃውን የሚገዙት እነሱ ናቸውና።