የዱቄት ቀለም በከፍታ ቦታ፦ ለመኪና ዕቃዎች የሚሆን አነስተኛ የመቀቢያ ክፍል በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

መግቢያ

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያረጁ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ ውድ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህ ምክንያት በእጅ ያለውን መኪና አድሶ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ተፈላጊ ነው። ከእድሳት ሥራዎች አንዱ በተለምዶ ፓውደር ኮቲንግ የሚባለው የዱቄት ቀለም ቅብ ሲሆን፣ ብዙዎች የሚያውቁት በአሉሚኒየም በሮችና መስኮቶች ላይ ነው። ቅቡ ከፈሳሽ ቀለም ይልቅ ጭረትን ይቋቋማል፤ ማቅጠኛም አያስፈልገውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለውን ሥራ በመኖሪያ ግቢ ወይም በአነስተኛ ጋራዥ ለመጀመር ምን መታወቅ እንዳለበት ማብራራት ነው። አብዛኞቹ የአጠቃቀም መመሪያዎች የሚዘጋጁት ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ ላላሉ አካባቢዎች ነው። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን፣ ይህም በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ነው። ልዩነቱ በእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ላይ ውጤት አለው።

የአሠራሩ መሠረት

ሥራው አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ዕቃው ከቅባት፣ ከዝገትና ከአሮጌ ቀለም ይጸዳል። ቀጥሎ የመርጫ ሽጉጡ ደቃቁን የፕላስቲክ ዱቄት በከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ ያስሞላዋል። ሦስተኛ፣ ዱቄቱ ከመሬት ጋር በተገናኘው ብረት ላይ ይጣበቃል። በመጨረሻም ምድጃ ውስጥ ቀልጦ ይጠነክራል። የተለመደው ውፍረት ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ነው። ለውጭ አካል ፖሊስተር ይመረጣል፤ ኢፖክሲ ዝገትን በሚገባ ቢከላከልም ለፀሐይ ሲጋለጥ ይደበዝዛል፣ ዱቄትም ያወጣል።

ከፍታው የሚለውጠው

አንደኛው ለውጥ በኮምፕሬሰሩ ላይ ይታያል። ማሽኑ በአንድ ዙር የሚስበው የአየር መጠን ባይቀየርም ክብደቱ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። የመርጫ ሽጉጡ የሚፈልገው አየር ጥቂት ስለሆነ ችግሩ አይሰማም። ዝገትን በአሸዋ ግፊት ማስለቀቅ ግን ብዙ አየር ይበላል፤ ስለዚህ የኮምፕሬሰሩ አቅም በካታሎጉ ከተጻፈው ቀንሶ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው ለውጥ በኤሌክትሪኩ ላይ ነው። የሳሳ አየር በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይበጠሳል። ብዙ ሽጉጦች እስከ 100 ኪሎ ቮልት ይሠራሉ፤ እዚህ ግን ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። ቮልቴጁ ሲበዛ በዱቄቱ ንብርብር ውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍንጣቂዎች ይፈጠሩና ፊቱን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያሻክሩታል። ቮልቴጁን መቀነስ ዱቄቱ ወደ ጠባብ ማዕዘኖች እንዲገባም ይረዳል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ለውጥ በምድጃው ላይ ነው። አንድ 10 ኪሎ ግራም የአሉሚኒየም ቸርኬ ከ20 ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማድረስ 0.45 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ያስፈልጋል፤ ተመሳሳይ ክብደት ላለው ብረት ግማሹ ያህል ይበቃል። ሙቀቱን ወደ ዕቃው የሚያደርሰው በአመዛኙ አየር ነው። ማራገቢያ ባለው ምድጃ ውስጥ ይህ የማድረስ አቅም በቦሌ ከፍታ በ20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ከአየሩ ጥግግት ማስላት ይቻላል። በምድጃው በር ላይ ያለው መለኪያ 200 ሲያሳይ ዕቃው ገና 150 ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዱቄቱ ካርቶን ላይ የተጻፈው ጊዜ፣ ለምሳሌ በ200 ዲግሪ 10 ደቂቃ፣ መቆጠር ያለበት ከዕቃው ጋር የተያያዘ ቴርሞካፕል ያንን ሙቀት ካሳየበት ቅጽበት ጀምሮ ነው።

አፈሩና ክረምቱ

ዱቄቱ እንዲጣበቅ ከዕቃው እስከ መሬት ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከ1 ሜጋ ኦም በታች መሆን አለበት። በቦሌና በአካባቢው በስፋት የሚገኘው ጥቁር የመረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በመሆኑም የተቀበረው የመሬት ዘንግ ከአፈሩ ጋር ያለው ንክኪ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ልኬቱ በየወቅቱ መደገም ይኖርበታል። የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ዱቄቱን ያጓጉላል፤ የኮምፕሬሰሩ መስመርም ውኃ ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

ቸርኬና የሕይወት ጉዳይ

ብዙ ደንበኞች በቅድሚያ የሚያመጡት ቸርኬ ነው፤ ከፍተኛው ጥንቃቄም የሚያስፈልገው እሱ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት በፋብሪካ ውስጥ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ አካባቢ በሚደረግ የመጨረሻ ሙቀት ሕክምና ነው። ከዚያ በላይ ያለ ሙቀት በረዘመና በተደጋገመ ቁጥር ብረቱ ይለሰልሳል። ምድጃውን «ለእርግጠኝነት» ማቆየት ወይም የተበላሸ ቅብን ደጋግሞ ማብሰል የማይታይ ጉዳት ያስከትላል። ከዚህም በላይ የሚያምር ቅብ ስንጥቅን ይሸፍናል። ስለሆነም ቸርኬው ተራቁቶ ሳለ ሊመረመር፣ በ160 ዲግሪ የሚበስል ዱቄት ሊመረጥለት፣ የተጣመመ ወይም የተበየደ ከሆነም ሳይቀባ ሊመለስ ይገባል።

ደኅንነት

በአየር ላይ የተንሳፈፈ ዱቄት በበቂ መጠን ከተከማቸ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። መቀቢያው ከምድጃው የተለየ፣ አየር የሚያስወጣና በየጊዜው የሚጠረግ መሆን አለበት። ለማጽጃ የወንዝ አሸዋ መጠቀም በሲሊካ ብናኝ ሳንባን ለማይድን በሽታ ያጋልጣል፤ በምትኩ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይመረጣል። ቅብ የበሰለበት ምድጃ ምግብ ሊበስልበት አይገባም። 3 ኪሎ ዋት ምድጃ ከ220 ቮልት መስመር ወደ 14 አምፔር ስለሚስብ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ለጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪ ይህ ሁሉ በረንዳ ላይ የሚሞከር አይደለም።

ማጠቃለያ

እንደ ባትሪ መያዣና የጣሪያ ጭነት መያዣ ያሉ የብረት ዕቃዎች ለጀማሪ ተስማሚ ናቸው፤ ስሕተቱ ቅብ ከማበላሸት አያልፍም። ወደ ቸርኬ መሻገር የሚገባው የዕቃው ሙቀት፣ የመሬት ንክኪውና የአየሩ ድርቀት በቦታው ተለክተው ከተመዘገቡ በኋላ ነው። የቅቡን መብሰል በአሴቶን በራሰ ጨርቅ በማሸት መፈተሽ ይቻላል፤ ቀለሙ ከለሰለሰ ወይም በብዛት ወደ ጨርቁ ከተላለፈ አልበሰለም። የእነዚህ ልኬቶች መዝገብ ከአንድ ጋራዥ አልፎ በከፍታ ላይ ለሚሠሩ ሌሎች አነስተኛ ድርጅቶች የሚያገለግል የጥናት መነሻ ሊሆን ይችላል።