«ልቤ ሌላ ቦታ ነበር»

በዛሬው የጤና ዓምዳችን የሐሳብ መበተን በሥራ ላይ ስለሚያስከትለው አደጋ እንነጋገራለን።

ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታና ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው ወፍጮ ቤቶችን፣ የሩዝ መፈልፈያዎችንና የእንጨት ሥራ ቤቶችን ያያል። የማሽን ቀበቶ ወይም መጋዝ ጣት ለመቁረጥ ከቅጽበት በላይ አይፈጅበትም። የተጎዳውን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብንለው ብዙ ጊዜ መልሱ «እንጃ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር» ነው። ለመሆኑ የልብ መበተን ሊለካ ይችላልን?

አዎን። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዶናልድ ብሮድቤንት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. 25 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አወጣ። ተጠያቂው ባለፉት 6 ወራት ምን ያህል ጊዜ እንደረሳና እንደተዘናጋ ይናገራል፤ ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። በ2005 ደግሞ ዋላስና ቼን የተባሉ ተመራማሪዎች ለሥራ ቦታ የሚሆን መለኪያ አዘጋጁ። ስህተቱንም በ3 ከፈሉት፦

1ኛ. የማስታወስ፦ ማሽኑን ማጥፋት ረስቶ ለጥገና እጅ መስደድ፤
2ኛ. የትኩረት፦ በሐሳብ ተውጦ የሚዞረውን ቀበቶ አለማየት፤
3ኛ. የድርጊት፦ ማጥፊያውን እጫናለሁ ብሎ ማስነሻውን መጫን።

ይህ አውቆ ደንብ ከመጣስ የተለየ ነው። አውቆ ለጣሰ ተግሣጽ ይበጀው ይሆናል፤ የተበተነ ልብ ግን በቁጣ አይሰበሰብም፤ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ በአማራ ክልል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የእንቅልፍ መታወክና የሥራ ጭንቀት ከጉዳት ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ማሽን ላይ የሚውል የቤተሰብ አባል ካለን እንቅልፉን እንጠብቅለት። በተለይ በረመዳን ለሱሁር ስለሚነሳ እንቅልፉ ይቆራረጣል። ቀትር ላይ አጭር ቀይሉላ ያድርግ፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር በቂ ውኃ ይጠጣ፤ ጥንቃቄ የሚሻውን ሥራ ጠዋት ይጨርስ። እህቶችም የሻሻቸውንና የልብሳቸውን ጫፍ ወደ ውስጥ ይሸጉጡ።

ባለ ወፍጮዎችና ባለ ፋብሪካዎችም አደራ አለባችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ አደጋ እንዲያስተምርና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የመጠይቁ ውጤትም ሠራተኛን ማባረሪያ መሆን የለበትም፤ ዕረፍት የት እንደጎደለ ማወቂያ ይሁን። ሰው ይዘናጋል፤ የተከደነ ቀበቶ ግን የተዘናጋውንም ያተርፋል።

አላህ ሁላችንንም ከአደጋ ይጠብቀን። ወሰላም።