«የቦሌ አማካይ ኪራይ ይሄን ያህል ነው» ሲሏችሁ፣ «ስንት ቤት ጠይቃችሁ?» በሏቸው

ቤት የምትፈልጉ ልጆች ይሄን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ «የባለ አንድ መኝታ አማካይ ኪራይ እዚህ ደረሰ» የሚል ፖስት ይወጣል። ኮመንት ላይ ግማሹ «ውሸት! እኔ በግማሹ ነው የተከራየሁት» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ይሄማ ርካሽ ነው»። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ያለው አማካዩ ከስንት ቤት ተሰላ የሚለው ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው (ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፣ የገበያ ዋጋ አይደሉም)። ከገርጂ እስከ አያት ያሉ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየሞች እውነተኛ አማካይ ኪራይ 15,000 ብር ይሁን። የዋጋው መበታተን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ 6,000 ብር ነው እንበል።

አንድ ሰው 4 ቤት በዕጣ መርጦ ጠየቀና አማካዩን አሰላ። ሌላው ሰው ሌላ 4 ቤት ጠየቀ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አንዱ 12,000፣ ሌላው 18,000 ይዞ ቢመጣ አይገርምም፤ የዋሸ ሰው የለም። ከእውነተኛው የመራቅ ልክ የሚገኘው 6,000ን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት በማካፈል ነው። ለ4 ቤት 3,000 ብር፣ ለ100 ቤት ግን 600 ብር ብቻ። 100 ቤት ከጠየቁ 20 ሰዎች 19ኙ ያህሉ ከ13,800 እስከ 16,200 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ።

ወደ 400 ቤት ብንሄድስ? 300 ብር። አራት እጥፍ ደረጃ ወጥታችሁ (ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም እንደሆነ አትርሱ) ስህተቱን የቀነሳችሁት በግማሽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ኪራዮቹ ራሳቸው አልተቀራረቡም። ቡልቡላ ቡልቡላ ነው፣ አትላስ አትላስ። የተቀራረቡት አማካዮቹ ናቸው።

አንድ የአትላስ ቪላ በ95,000 ብር በስህተት ዝርዝሩ ውስጥ ገባ እንበል። ሌሎቹ ሦስቱ 15,000 ቢሆኑ የ4ቱ አማካይ 35,000 ይሆናል። ከ99 ቤት ጋር ከገባ ግን አማካዩ 15,800 ነው።

ታዲያ 10,000 ሰው የመለሰው የቻናል ፖል ይሻላል? አይ። ፖሉን የሚነካው በብዛት አሁን ቤት የሚፈልግ ወይም ኪራይ የተጨመረበት ነው። በድሮ ዋጋ ከአምስት ዓመት በፊት የገባው ሰው ቻናሉን የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ 10,000 መልስ የተሳሳተ ቁጥር ዙሪያ ጥብቅ ብሎ ይሰበሰባል። ብዛት የዕጣን መዋዠቅ ያረጋጋል እንጂ አድልዎን አያጠፋም። ደግሞ ከትንሽ ናሙና የባሰ ያሳምናል፣ እሱ ነው አደጋው።

በዕጣ ከተመረጠ ግን ትንሽ የሚመስል ቁጥር ብዙ ርቀት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመላው አገሪቱ ያነጋገረው 16,650 ቤተሰቦችን ነው። በቂ የሆነበት ምክንያት ወሳኙ የጠያቂው ናሙና መጠን እንጂ የሕዝቡ ብዛት ስላልሆነ ነው። ያው ናሙና ግን በወቅቱ በነበሩት ዘጠኝ ክልሎችና በሁለቱ ከተሞች ሲከፋፈል እያንዳንዱ ጋ የሚደርሰው ያንሳል፣ ስለዚህ የአዲስ አበባ ቁጥር ከአገር አቀፉ ይልቅ ይዋዥቃል። ከዚያም ወርዶ «ይሄ የቦሌ ክፍለ ከተማ ብቻ ነው» ብሎ ከዚሁ ጥናት ቁጥር የሚለጥፍ ካያችሁ፣ ከስንት ቤተሰብ እንዳወጣው ኮመንት ላይ ጠይቁት።