የወጣቱ ኳስ ወርዋሪ አጭር ዕድሜ

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል በሚባለው የኳስና የዱላ ጨዋታ፥ ቀድሞ ወርዋሪው ክንዱን ሳያጥፍ ከታች ወደ ላይ እንዲወረውር ሕጉ ያዝዝ ነበር፤ ይህም ለመቺው እንዲመቸው ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1841 ዓመት የተወለደው ጄምስ ክሬይተን ግን የእጁን አንጓ በስውር እየመለሰ ኳሱን እንደ ወንጭፍ ደንጊያ ያፈጥነው ነበር።

ለጨዋታ ገንዘብ መቀበል ክልክል ሳለ፥ በ1860 የገባበት የብሩክሊን ኤክሴልሲየር ማኅበር በስውር ደመወዝ ይሰጠው ነበር ይባላል፤ እኛም በዚህ አንነቅፈውም፥ ሠራተኛ ዋጋውን ይሻልና።

በኦክቶበር 1862 ኳሱን ለመምታት ኀይሉን ሁሉ ባወጣ ጊዜ ሆድ ዕቃው ተጐዳ ተባለ። ከጥቂት ቀንም በኋላ በአባቱ ቤት ዐረፈ፤ ዕድሜው 21 ነበረ። ባልንጀሮቹ በግሪንውድ መቃብር ያቆሙለት ሐውልት ከጫፉ ላይ የእብነ በረድ ኳስ ነበረበት።